የጣውንቴ ሽቦ

ልጄ በስልክ ሲደውልልኝ የሰው ሱሪ እያሳጠርኩ ነበር። «እማዬ፣ በቃ! ከሰዓት ጎታች መኪና ይዤ እመጣለሁ። የአባዬን መኪና ለብረት አቅላጮች እንስጣት» አለኝ። አባቱ አጠገቤ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ሁሉንም ሰምቷል።

ባሌ ዕድሜውን ሙሉ ሹፌር ነበር። አሮጊት መኪናውን ሳይወለውል ቁርስ አይቀምስም ነበር፤ እኔማ «ጣውንቴ» ነው የምላት። መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ በኋላ እንኳ መሪዋን አላስነካኝም። ካመመው ወዲህ እጁ ይንቀጠቀጣል፤ እሷም ነዳጅ ሲረግጧት ተንገጫግጫ ቀጥ ትላለች። እሷ ከተወሰደች እሱም ከዚያ ወንበር እንደማይነሳ ልቤ ያውቀዋል።

«ተነስ!» አልኩት።

«ወዴት?»

«ጣውንቴን ልናክማት ነዋ!»

«ካንዴላው ተቀየረ፣ ቦቢናው ተቀየረ። ምን ቀረ ብለሽ ነው?»

«የቀረውን አብረን እናየዋለን!»

ኮፈኑን ከፈትኩ። እሱ ይናገራል፣ እኔ እፈታለሁ። እሳቱን ለካንዴላዎቹ የሚያከፋፍለውን የዲስትሪቢዩተሩን ክዳን አነሳሁ። ውስጡ ነዳጅ ሲረገጥ ትንሽ ዞር የሚል ሳህን አለ። ሳህኑን ከዲስትሪቢዩተሩ አካል ጋር የምታገናኝ ጣት የማታህል ሽቦ አለች፤ እሷ ከተቋረጠች እሳትም የለም። ሳህኑን በካቻቢቴ ገፋ ሳደርገው ሽቦዋ ተወጠረች። ልባሷ ተሰነጣጥቋል፤ ውስጧ በሁለት ክር ተንጠልጥሏል።

«ማነው ይሄን ደንዳና ሽቦ የከተተባት?»

ባሌ አቀረቀረ። «እኔ ነኝ። ሁለተኛ እንዳትበጠስ ብዬ...»

«አይ አንተ! ብብቱ የጠበበ ሸሚዝ እጅ ሲያነሱ አይተረተርም? ይሄም ያው ነው!»

ቤት ገብቼ የካውያዬን ገመድ ከጫፉ ቆረጥኩ።

«አበድሽ እንዴ? መተዳደሪያሽን!»

«ትንሽ ቢያጥር አይሞትም። ቀኑን ሙሉ ሲታጠፍና ሲዘረጋ የኖረ ገመድ ነው፤ ሽቦው እንደሱ ለስላሳ መሆን አለበት።»

ከገመዱ ያወጣኋትን ሽቦ ጫፎች በፒንሳ ጨፍልቄ፣ ላላ አድርጌ ገጠምኳት። ሽቦዋን የምታስረው ብሎን ግን ከጣቴ ሾልካ ሞተሩ ስር ወደቀች። ተንበርክኬ ፈልጌ አወጣኋት፤ እንደገና ወደቀች።

«ተይው በቃ፣ አንቺ ሴት» አለኝ።

«ዝም በል! አልተውም!» አልኩት። እንደገና አነሳኋትና ጥርሷ እስኪነክስ አጠበቅኳት፤ ክዳኑንም መለስኩ።

ባሌ መሪው ላይ ተቀምጦ አስነሳት። ነዳጅ ረገጠ። አልተንገጫገጨችም። ደግሞ ረገጠ፤ ግቢው በድምጿ ተሞላ። እልል ልል ምንም አልቀረኝ።

ልጄ ከጎታቹ ወርዶ፣ የመጎተቻ ገመዱን እንደያዘ አፉን ከፍቶ ቀረ። ከዚያ ጠጋ ብሎ፣ «እማዬ፣ መነሳቷስ ተነሳች። ግን ማን ሊነዳት ነው? የአባዬ እጅ...» አለ።

እኔ ኮፈኑን ዘጋሁ።

ባሌ ሞተሩን አጠፋ። ወረደ። ኮፈኗን ተደግፎ ቀስ እያለ ዞረና ጎን ወንበር ላይ ተቀመጠ። ቁልፉን በመስኮት ዘረጋልኝ፤ በእጁ መንቀጥቀጥ ይንቃጨላል።

«ማርሿን ስትቀይሪ እንዳታንጓጊብኝ» አለኝ።