ጠብቆ ወይስ ላልቶ

ኦኬሎ ሰው መጠርጠር የጀመረው ወንበር ካገኘ ወዲህ ነው። ጋምቤላ ክልል ከሆነች ገና ሁለተኛ ዓመቷ ነበር፤ ትናንት ጠመኔ ይዞ የነበረ ሁሉ ዛሬ ማኅተም ይዟል። ኦኬሎም ከመምህርነት ተነስቶ አዲስ በተቋቋመ የትምህርት መሥሪያ ቤት ውስጥ የክፍል ኃላፊ ሆነ። መዝገብ የሚይዝለት ታደሰ የአሥር ዓመት ወዳጁ ነው፤ ከደጋ በአስተማሪነት መጥቶ እዚሁ ልጆች ያፈራ።

አብረው ሲያስተምሩ የኦኬሎን አማርኛ ያቃናለት ታደሰ ነበር። በተማሪ ፊት እንኳ ሳያፍር “ይሄን አጥብቀው፣ ያን አላላው” ይለዋል። ኦኬሎ በዚህ ጆሮው ተስሎ፣ የሚጠብቀውን ከሚላላው የሚለይ ሰው ወጣው። ያን ጊዜ ያመሰግነው ነበር። አሁን ግን ኃላፊ ነው፤ ኃላፊ ደግሞ ሲታረም ደስ አይለውም።

በዚያ ሰሞን ለመምህርነት ሥልጠና የሚሄዱ ሰዎች ዝርዝር ወጣ። የመጨረሻው ቦታ በፈተናው ለበለጠችው፣ አቻን ለምትባል ልጅ ይገባ ነበር። ኦኬሎ እሷን ሰርዞ የእህቱን ልጅ ኡሞድን ጻፈ። ሰኞ ከሰዓት ታደሰ ወረቀቱን ይዞ ገባና በሩን ዘጋ።

“ይሄ ነውር ነው ኦኬሎ። ነገ ግምገማ አለ፤ ከዚያ በፊት አስተካክለው።”

ኦኬሎ ባለፈው እሑድ በቤተ ክርስቲያን ቆሞ፣ ከጠላት መሳም የወዳጅ ቁስል እንደሚሻል ሰብኮ ነበር። ቁስሉ የሌላ ሰው ሲሆን መስበክ ቀላል ነው። አሁን በራሱ ሲመጣበት ወረቀቱን ተቀብሎ “ውጣልኝ” አለ።

ማክሰኞ ጠዋት የታደሰ ወንበር ባዶ ነበር። ኦኬሎ ተላላኪዋን ኛኪየርን ወደ ቤቱ ላካት። ኛኪየር አማርኛን የተማረችው ገበያ ነው፤ መልእክት ግን አትረሳም። ተመልሳ መጥታ በር ላይ ቆመች።

“አቶ ኦኬሎ፣ ታደሰ ያማል። ሌሊት ሙሉ ያማል። ስም ያንተ ይጠራል።”

“ያማል” ያለችው አላልታ ነው። ማንን ብሎ አልጠየቃትም፤ ሆድ ሲያውቅ ምን ይጠየቃል! ጠዋቱን ሁሉ በመስኮት ሲመለከት አረፈደ። ግቢው ውስጥ ማንጎ ዛፍ ሥር የቆሙ ሁለት ሠራተኞች እሱን ሲያዩ ዝም አሉ። ታይፒስቷ ሳቀች። የሳቀችው በሌላ ነገር ሊሆን ይችላል፤ ኦኬሎ ግን “ያልጠረጠረ ተመነጠረ” ብሎ ጥርሱን ነከሰ።

ከሰዓት ግምገማው ተጀመረ። በዚያ ዘመን የኃላፊ አንድ ቃል አንድን ደገኛ ከነቤተሰቡ መኪና ላይ ጭኖ ወደ መጣበት ለመመለስ ይበቃ ነበር። ኦኬሎ ይህን እያወቀ ተነሳ።

“ታደሰ ያማኛል። ሌሊቱን ሙሉ ስሜን እያነሳ ሲያማኝ አድሯል። ዛሬም የቀረው ፊቴን ፈርቶ ነው። ከዚህ ይነሳልኝ።”

ሰብሳቢው ኒካው “ምስክር አለህ?” ሲለው ኛኪየርን አስጠራ። ሴትዮዋ ግራ ገባት።

“እኔ ያልኩት ታደሰ ያማል። ወባ። ይንቀጠቀጣል፣ ይቃዣል። ‘ኦኬሎ አስተካክል፣ ኦኬሎ አስተካክል’ ይላል።”

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ያመዋል ለማለት ነበር፤ የሚጠብቀውን ብታላላው ሕመሙ ሐሜት ሆነ። ኒካው ግን አልሳቀም።

“አቶ ኦኬሎ፣ የምታስተካክለው ምንድን ነው? ምን ብሎ ያማኛል ብለህ ፈራህ?”

ኦኬሎ እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ። አንድ ውሸት ቢጨምር ታደሰ ይሄዳል፣ ማኅተሙም ይተርፋል። ወባ የያዘው ሰው በሌለበት ማን ይከራከረዋል? ወረቀቱን አውጥቶ ሰብሳቢው ፊት ዘረጋው።

“አቻን አልፋ ነበር። እኔ ኡሞድን ጻፍኩ። ታደሰ በሩን ዘግቶ ነገረኝ፤ ለሌላ ለማንም አልተናገረም።”

ዝርዝሩ እዚያው ተስተካከለ። ማኅተሙንም አስረክብ ተባለ።

ከዚያ ወጥቶ በቀጥታ ታደሰ ቤት ሄደ። ታደሰ በዚያ ሁሉ ሙቀት ሁለት ብርድ ልብስ ደርቦ ተኝቷል። ኦኬሎ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ያደረገውን ሁሉ፣ ሊያስባርረው መነሳቱንም ጭምር፣ ሳይደብቅ ነገረው። ታደሰ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

“ትናንት የነገርከኝ ያማል” አለ ኦኬሎ።

ታደሰ ፊቱን ወደ እሱ መለሰ። “ጠብቆ ወይስ ላልቶ?”

“ጠብቆ” አለ ኦኬሎ። ወንበር ካገኘ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ “አመሰግናለሁ” አለና እንደ ድሮው እስኪታረም ጠበቀ።

ታደሰ የሚያርመው አላገኘም።