የተናኜ ጥያቄ

መምህር ዳኘው የመገምገሚያ ቅጹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጧል። የምትገመገመው መምህርት ሕሊና ገና ሁለተኛውን ስላይድ ሳትጨርስ እሱ ውጤቷን በልቡ ሞልቶ ጨርሷል።

ቡሬ ባለው የዩኒቨርሲቲው ግቢ የአፈር ኬሚስትሪን አሥራ አራት ዓመት በጠመኔ ያስተማረው እሱ ነው። ሕሊና ከመጣች ገና ሁለት ዓመቷ። እሷ የሠራችው በስልክ የሚሰላ ሞዴል የማሳውን አሲድነት ሲያስገቡለት አሲዱን ለማርከስ ስንት ኩንታል ኖራ እንደሚበቃውና ምርቱ በምን ያህል እንደሚጨምር ያሳያል። በእሱ ክፍል የሚያንቀላፉት ተማሪዎች እዚህ ወንበር ይሻማሉ። ኮርሱ ለከርሞ ለማን እንደሚሰጥ ደግሞ በዚህ ግምገማ ሊወሰን ነው። ዳኘው ቀንቷል። መቅናቱንም ያውቃል፤ ማወቁ ግን አላበረደለትም።

ከማንኩሳ የመጣችው ተማሪ ተናኜ እጇን አወጣች። በእሱ ክፍል አንድ ቀን እንኳ ድምፅዋን ሰምቶ አያውቅም፤ ይህም አንገበገበው። አባቷ አምና ሞዴሉ የሚለውን ያህል ኖራ በትነው፣ በማግስቱ ዘርተው፣ በቆሎው ግን እንደ ወትሮው ቢጫ ሆኖ መቅረቱን ተናገረች።

"ሞዴሉ ይጨምራል ይላል። የአባቴ በቆሎ ለምን አልጨመረም?"

ሕሊና ቁጥሮቹን ደጋግማ አየች። ልክ ናቸው። ማሳ ላይ ብዙ ስላልዋለች መልሱ አልመጣላትም። ወደ ኋላ ዞረች።

"ጋሽ ዳኘው፣ ይህን እርስዎ ያውቁታል።"

ያውቀዋል። ማንኩሳን ማሳ ለማሳ ሲዞር እንዲህ ያለ በቆሎ ስንቴ አይቷል። ኖራው በእርሻ ከአፈሩ ጋር ካልተዋሐደና ከዘር በፊት ጊዜ ካላገኘ ላዩ ላይ ተኝቶ ይቀራል።

"እኔም አላውቀውም" አለ።

ሕሊና አልተጠራጠረችውም። ጋሽ ዳኘው ካላወቁት ጥያቄው በእውነት ከባድ ነው ብላ ለሳምንት ፈልጋ ልትመልስ ቃል ገባች። ዳኘው "የትምህርቱ ዕውቀት" ከሚለው ፊት ከአምስት ሁለት ጻፈ። ደስ ይለኛል ብሎ ነበር፤ ደስ አላለውም።

ሲወጣ ተናኜ በር ላይ ቆማ ከአባቷ ጋር በስልክ ታወራለች። ዝናቡ ቀድሞ ስለጣለላቸው ዘንድሮም ኖራውን በትነው ነገውኑ ሊዘሩ ነው። ዳኘው አለፋት። ጥቂት ተራምዶ ተመለሰ።

"ነገ እንዳይዘሩ በያቸው። ኖራውን በትነው ከአፈሩ ጋር ደኅና አድርገው ያርሱት፤ ለዘሩ አንድ ወር ይታገሡ።"

ተናኜ የተባለችውን ቃል በቃል ነግራቸው ስልኩን ዘጋች። ከዚያ ቀና ብላ አየችው።

"መምህር፣ ቅድም አላውቀውም ብለው አልነበር እንዴ?"

 ዳኘው ፊቱ እንደጋለ ቢሮው ገብቶ ቅጹን አወጣ። ሁለቱን ሰርዞ አራት አደረገው፤ አምስት ለመስጠት ግን እጁ እምቢ አለው። የገምጋሚው አስተያየት ከሚለው ሥር "ጥያቄውን ገምጋሚው ያውቀው ነበር፤ ሆን ብሎ አልመለሰም" ብሎ ጻፈ። ፈረመበትና መልሶ ሳያነበው ወደ ትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ይዞት ሄደ።