የዴልበርት ሮዝ ላስቲክ

የእህቴ ባል ዴልበርት ጤነኛ ነው ብዬ አልምልም። ጡረታ ከወጣ ጀምሮ ጓዳ ገብቶ ቀለም ሲበጠብጥ ከረመና አንድ ቀን ሮዝ ላስቲክ ተሸክሞ ብቅ አለ።

«ቅጠል አረንጓዴውን ብርሃን ብዙም አይፈልገውም» አለኝ። «ይኼ ላስቲክ እሱን ይቀበልና ቀይ አድርጎ ይሰጠዋል። ዱባ ያወፍራል፤ ለቁርጥማትም ይሆናል።»

«ሣርስ ያጭዳል?»

አልሳቀም። እኛ አገር፣ ኖቫ ስኮሺያ ውስጥ፣ በዱባ አይቀለድም። ጥቅምት ላይ ጀልባ የሚያካክሉ ዱባዎቻችንን በማሽን አንስተን ሚዛን ላይ እናወጣለን፣ የከበደው ያሸንፋል፤ ከዚያ ሆዳቸውን ፈልፍለን፣ ውስጣቸው ተቀምጠን ሐይቁ ላይ እንቀዝፋለን። እኔ ስንቴ አሸንፌያለሁ፣ ዴልበርት አንዴም አልቀናውም።

ለዱባው የላስቲኩን ድንኳን የተከለው እህቴ ቨርና ልብስ የምታሰጣበት ቦታ ላይ ነው። «ስማ አንተ ሰውዬ» አለችው፣ «ዘንድሮ የመጨረሻህ ነው። ዱባህ ካላሸነፈ ድንኳኑን በገዛ እጅህ ታፈርሳለህ፣ ቀለምህም ከጓዳዬ ይወጣል።»

«እሺ» አለ። ፊቱን ሳየው አንጀቴን በላው። ዕድሜውን ሙሉ የሰው መስኮት ሲገጥም ኖሮ፣ የኔ የሚለው ሐሳብ ይኼ ብቻ ነበር።

ዱባው ግን አደገ! ጎረቤታቸው ነኝና በየቀኑ አጥር ተደግፌ አየው ነበር፤ ምን እደብቃለሁ፣ ቅናት አንገበገበኝ።

ቨርና ጣቶቿን ቁርጥማት ካጣመማቸው ቆይቷል። ጠዋት ጠዋት የሹራቧን ቁልፍ የሚቆልፍላት ዴልበርት ነው። ነሐሴ ላይ ወንበሯን ይዛ ከጓደኛዋ ከሙሪኤል ጋር ድንኳኑ ውስጥ መዋል ጀመረች።

«ላስቲኩን አመንሽበት እንዴ?» አልኳት።

«ለወሬ ነው የምገባው! አንተ ምን አገባህ?»

የሚዛኑ ዕለት ማለዳ የዴልበርት ጩኸት ከአልጋዬ አስፈነጠረኝ። ስደርስ ዱባው ከአናቱ እስከ ታቹ ተሰንጥቋል። የተሰነጠቀ ዱባ ሚዛን አይወጣም፤ ለጀልባም አይሆንም።

እዚህ አገር ዱባን ቀን ቀን ብርድ ልብስ እናለብሰዋለን። ፀሐይ ካገኘው ቆዳው ይደርቃል፤ የደረቀ ቆዳ ደግሞ ሆዱ ሲያድግ አይለጠጥለትም። ዴልበርትም አልብሶት ነበር። ግን ነፋሱ ከድንኳኑ ሥር ሲገባ ጊዜ ሴቶቹ ብርድ ልብሱን እየገፈፉ ጉልበታቸው ላይ ይጥሉት ኖሯል።

«ለአንድ አፍታ ብለን እኮ ነው!» አለች በጩኸቱ የመጣችው ሙሪኤል፣ አፏን ይዛ። የእነሱ አፍታ ከምሳ እስከ ራት ነው።

እኔ እንኳ ልስቅበት ነበር የመጣሁት፤ አልቻልኩም። ዴልበርት መሰላልና ፒንሳ አምጥቶ የድንኳኑን ሽቦ መቁረጥ ጀመረ።

ቨርና ከቤት እየሮጠች ወጣች። «ምን እያደረግክ ነው?»

«ያልሽኝን ነዋ። እያፈረስኩ ነው።»

«ውረድ!»

«ዱባው አላሸነፈም እኮ፣ ቨርና።»

«ዱባው ገደል ይግባ! ውረድ አልኩህ!»

ወረደ። ፒንሳውን ከእጁ መንጭቃ ወሰደችው። እሱ ግን ፒንሳውን አላየም፤ ደረቷ ላይ አፍጥጦ ቀረ።

«ቁልፍሽን ማን ቆለፈልሽ?»

«ማን ይቆልፍልኛል? አንተ እዚህ ለዱባ ስታለቅስ፣ ራሴ ነኛ...» ብላ ቆመች። ጎንበስ ብላ ሹራቧን አየችው። እስከ አንገቷ ተቆልፏል፤ አንዱን ብቻ ዘላው ጠሟል።

ጣቶቿን ያፍታታላት ላስቲኩ ይሁን ወሬው፣ እኔ አላውቅም። ዴልበርት አፍንጫውን በእጅጌው ጠረገና የጠመመውን ቁልፍ ሊያስተካክል እጁን ሰደደ።

ቨርና እጁን መታችው። «ተወው! ራሴ እፈታዋለሁ።»