የበርሊኑ ልጅ ለቅሶ

«ማን ሞቶ ነው?» አለች ጎረቤታቸው ጠይባ፣ ደጃፉ ላይ እንደቆመች። ሀብተ ማርያም ፍራሽ መሬት ላይ አንጥፎ፣ ጋቢውን ተከናንቦ ከተቀመጠ ሁለተኛ ቀኑ ነው።

«ማንም አልሞተም!» እናቱ ውድነሽ ከጓዳ ጮኸች። «ልጄ ድኖ በመጣ በወሩ፣ ቤቴ ለቅሶ አይጠራም። ሟርት ነው!»

«ልቡን የሰጠኝ ልጅ ሞቷል፣ እትዬ ጠይባ» አለ ሀብተ ማርያም ቀስ ብሎ።

መንግሥት ለትምህርት በላከበት በርሊን ልቡ ደክሞ፣ የሟች ልብ ተተክሎለት ነው የተረፈው። አሰላ ከገባ ወዲህ ግን ጭጋጉ ከጭላሎ ሲወርድ፣ ዓይኑን በከደነ ቁጥር፣ አንድ ልጅ ገብስ ማሳ መሀል ቆሞ ያያል። ፊቱ አይለይም። ደጅ እንደቀረ እንግዳ ዝም ብሎ ይጠብቃል። ሀብተ ማርያም አዲሱን ልብ ሰውነቱ እንዳይገፋው የሚውጠውን ኪኒን ከተወ ሁለት ቀኑ ነው። ያልተለቀሰለት ሰው በደረቱ ተሸክሞ፣ እንዴት ብሎ ይዋጥለት?

ጠይባ ፍራሹ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «ያ ረቢ! ስሙስ ማን ነው?»

«አልነገሩኝም።»

«የዕድራችን ዳኛ ቢሰማ ‹አባል ነው ወይ?› ይልሃል።»

ከስንት ጊዜ በኋላ ፈገግ አለ። ከዚያ ለማንም ያልነገረውን ተናገረ። በአልጋ እየገፉ ወደ ቀዶ ጥገናው ሲወስዱት ኮሪደሩ ላይ አንዲት ሴት አይቷል። የሞተር ብስክሌት ቆብ ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ ሳታለቅስ ተቀምጣለች። የሟቹ ልጅ እናት እንደነበረች ነርሷ በኋላ ሹክ አለችው።

ጓዳ ውስጥ የዕቃው ኳኳታ ቆመ።

«ማን ነበር አብሯት?» አለች ውድነሽ።

«ማንም። ብቻዋን ነበረች፣ እማዬ።»



በማግስቱ እሑድ፣ ለቀበሌ ስብሰባ የወጡትን ሴቶች ጠይባ ከመንገድ መልሳ አስገባቻቸው።

«መቅረት ያስቀጣል እኮ!» አለች አንዷ።

«ለቅሶ ደርሰን ነው በይ። ቁጭ በይ አሁን!»

ቤቱ ሞላ። ውድነሽ ነጠላዋን እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቃ ከጓዳ ወጣች። በአንድ እጇ ውሃ፣ በሌላው ኪኒኖቹን ይዛለች።

«ሐዘንተኛ ሳይቀምስ አይውልም» አለችው።

ዋጠ።

ከመጣ ጀምሮ ደረቱን ነክታው አታውቅም። አሁን ጎንበስ ብላ መዳፏን በጋቢው ሥር ሰደደች፤ ምቱ እስኪሰማት ጠበቀች።

«አይዞህ፣ የኔ ልጅ» አለች። «ያቺ እናትህ ብቻዋን አይደለችም።»

ዓይኖቿ ሀብተ ማርያምን አያዩም ነበር።