አደራ የተባለው ቆብ

የወታደር የብረት ቆብ «አደራ» የሚል ቅጽል ስም ከየት አገኘ? ዶክተሯ ጥያቄውን በሰው አገር ስታገላብጠው ኖራ፣ በአባቷ ለቅሶ ሦስተኛ ቀን ደጃፉ ላይ የተቀመጠ አንድ የብረት ቆብ ታያለች። አንዱ ለቀስተኛ ሲጋራውን ተርኩሶበታል፤ ሌላው አክታውን ጨምሮበታል።

ዶክተር ያሏት ሰፈርተኞቹ ናቸው። የተማርኩት የወታደር ቃላት ነው እንጂ ሕክምና አይደለም ብትል ማን ሰምቷት፤ ጠዋት አንዲት ጎረቤት አልቅሳ እንደጨረሰች ያበጠ ጉልበቷን ገልጣ አሳይታታለች።

አባቷ የጦር መጋዘን ንብረት ጠባቂ ነበር። ሰፊው ቆብ «ድስት»፣ ጠባቡ «ኤሊ» እንደሚባል በልጅነቷ ነግሯታል፤ የእሱ መጋዘን ቆብ ግን «አደራ» ነው። ለምን ስትለው ዝም ይላል። እሷም ዝምታውን እንዳሻት ተረጎመችው፤ ወታደሩ ነፍሱን ለብረቱ አደራ ሰጠ ብላ ጻፈች፣ ተጨበጨበላት። ትናንት ደግሞ የመቃብር ድንጋይ ቀራጩን «አደራ ጠባቂው» ብለህ ቅረጽ አለችው።

አክስቷ ይህን ስታወራ፣ ከአባቷ ጋር መጋዘን የሠሩት ሽማግሌው ሃምሳ አለቃ ሻያቸው ትን አላቸው። ሳቅ ነበር።

«ምን አሳቀዎት ጋሼ?»

«ስሙን ያወጡት ምልምሎቹ ናቸው፣ ልጄ። አባትሽን ሲያሽሟጥጡት።»

ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነገሯት። ቆቦቹ ከሬሳ ላይ ተለቅመው በጆንያ ይመጣሉ። አባቷ በሙቅ ውሃ ያጥብና የውስጡ ቆዳ ላይ የተጣበቀውን ፀጉር በጥፍሩ ይለቅማል። ከዚያ ለአዲሱ ምልምል ሲያስረክብ «አደራ» ይለዋል። አንዱ ልቡ ተነክቶ፣ እመለሳለሁ አለቃዬ፣ አለው።

«አባትሽ ምን ቢለው ጥሩ ነው? ‹አንተን አላልኩም፤ ቆቡን።›»

«ሲቀልድ ነው?»

«ሲቀልድ አይቼው አላውቅም።»

በእነዚያ ጥፍሮች ነበር ፀጉሯን እየፈታ የሚጎነጉንላት። ራሷን በረዥሙ አከከች። ወዲያው ስልኳን አውጥታ ለቀራጩ ጻፈች፦ «ያቺን ቃል አትቅረጻት።»

ሃምሳ አለቃው ግን አልጨረሱም ነበር። የዚያ ምልምል ቆብ በወሩ በጆንያ ተመለሰ። አባቷ ቆቡ ላይ የታተመውን ቁጥር አየና ሳያጥበው በካፖርቱ ጠቅልሎ ቤቱ ወሰደው። ከዚያ ቀን በኋላ ሲያስረክብ አፉን ከፍቶ አያውቅም።

«የቱን ቆብ?» አለች፣ ብታውቀውም።

በአገጫቸው ወደ ደጃፉ አመለከቷት።

ቆቡን አንስታ ወደ ቧንቧው ሄደች። የሲጋራውን ቁራጮች አንድ በአንድ በጣቷ ለቀመች፣ አክታውን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች፣ ጠረኑ ጉሮሮዋ ድረስ ገባ። ከቆዳው ስር አጭር ጥቁር ፀጉር ተጣብቋል። ጥፍሯን አስጠግታ መለሰችው። ቧንቧውንም ሳትከፍት ቆቡን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ስልኳን አነሳች።

«ቀርጸሃታል ወይ?» ብላ ላከች።

መልስ አልመጣም፤ ቢመጣ የትኛውን እንደምትፈልግም አላወቀችም።