የጨጓራ መድኃኒት

መስታወት ቆራጩ ሚስቱን መጠርጠር የጀመረው መጨቃጨቅ ያቆመች ዕለት ነው። ከተጋቡ ጀምሮ የመጨረሻዋን ቃል ለእሱ ለቃ አታውቅም ነበር፤ አሁን ግን ምን ቢላት መልሷ "እሺ" ሆነ።

"መስኮቱን ልዝጋው?"

"እሺ።"

"ልክፈተው?"

"እሺ፣ እንደፈለግክ።"

ሰው እንዲህ የሚታዘዘው ወይ ለጌታ ነው ወይ ለሚሞት ሰው። እሱ ደግሞ ጌታ ሆኖ አያውቅም።

በዚህ ላይ ታናሽ ወንድሙ አለ። ለቅሶ ካልሆነ ዝር የማይል የቢሮ ሰው ድንገት ብርቱካን አንጠልጥሎ መመላለስ ጀመረ። ምግቡም ጨው ካጣ ሰንብቷል። የሥራ ቦታ ሰዎች "መርማሪው" የሚሉት ያለ ነገር አይደለምና፣ ሦስቱን ነገሮች ባንድ ላይ አስሮ ያሰላስል ነበር፤ ዝምታ፣ ብርቱካንና የጨው መጥፋት።

ነገሩ የጀመረው ደረጃ መውጣት ሲያቅተውና እግሩ ሲያብጥበት ነው። ደረቱ ላይ ድንጋይ የተጫነ ይመስለው ነበር። ወንድሙ ወደሚያውቀው ሐኪም ወሰደው። ሐኪሙ መረመረው፤ ከዚያ "እስቲ ውጭ አረፍ ይበሉ" ብሎ አስወጣውና ከወንድሙ ጋር በር ዘጋ። የገዛ ደረቱ ጉዳይ ሲመከርበት ባለደረቱ ኮሪደር ላይ ተጎልቶ ግድግዳ ያያል! በግ እንኳን ሲሸጥ በሻጩና በገዢው መሃል ነው የሚቆመው። የተማሩ ሰዎች ይህን ነውር "አዘኔታ" ይሉታል።

ወንድሙ ፈገግ ብሎ ወጣ። "ጨጓራ ነው ጋሼ። ቀላል ነገር ነው።"

ማታውኑ "የጨጓራ" የሚል ወረቀት የተለጠፈበት ብልቃጥ አመጣለት። ኪኒኑ በእርግጥም እብጠቱን ቀነሰለት፤ ግን እንደዋጠው ሽንት ቤት ያመላልሰዋል። ጨጓራን ከሽንት ምን አገናኘው? ጥያቄው እንደ እሾህ ተሰክቶበት ከረመና፣ ለማንም ሳይናገር ከገበያው ማዶ ወዳለ ሌላ ክሊኒክ ሄደ።

እዚያ ያገኛት ሐኪም ወጣት ሴት ናት። ቁርጭምጭሚቱን በጣቷ ጫን አድርጋ አየች፤ ጀርባውን አዳመጠች።

"ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?"

"የጨጓራ ብቻ።"

ሰውነቱ ውስጥ የተጠራቀመውን ውኃ የሚያስወጣና የደም ግፊቱን የሚያወርድ ኪኒን አዘዘችለትና ልቡን በአልትራሳውንድ ለማየት ቀጠረችው። አዲሱን ኪኒን የመሣሪያ ሣጥኑ ውስጥ ደበቀው። የጨጓራውን ጠዋት ከሚስቱ እጅ ተቀብሎ እያየችው ይውጣል፤ የሐኪሟን ደግሞ ሥራ ቦታ ሲደርስ። ሁለቱንም ወገን እየጠረጠረ ለሁለቱም ይታዘዝ ነበር።

ዓለም መዞር የጀመረችው ያኔ ነው። ጎንበስ ብሎ ቀና ሲል ዓይኑ ይጨልማል፤ ደረቱንም ይወጋዋል። አንድ ቀን ጠረጴዛው ላይ ሰፊ መስታወት አጋድሞ ዘይት የነካ መቁረጫውን ሳበበት፤ በጠረጴዛው ጠርዝ ቀጭ አድርጎ ሰበረና ሊያነሳው ቀና አለ። ወለሉ ከድቶት ተንገዳገደ። ባንድ ጣሪያ ስር አብሮት የሚሠራው አናጢ ሮጦ መስታወቱንም እሱንም ያዘ።

"መርማሪው! ጠጥተህ ነው እንዴ?"

"ውኃ ብቻ ነው የጠጣሁት።"

"እንግዲያው ውኃውን ጠርጥረው።"

መስታወት ቆራጩ ግን አልሳቀም። ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለ። "የሆነ ነገር እያስዋጡኝ ነው" አለ በቀስታ።

"እነማን?"

"ሚስቴና ወንድሜ።"

"ምንህን ሊወርሱ? ይቺን የመስታወት ስባሪ?" አለ አናጢው፤ ወዲያው ግን የሰውየውን ፊት አየና ቀልዱን ተወ። "ብልቃጡን ይዘህ ለሐኪሟ አሳያት። ዛሬውኑ።"

ሐኪሟ ግፊቱን አስተኝታም አስቁማም ለካች፤ ሲቆም ቁልቁል ወረደ። ልቡንም በመሣሪያው አየች። ከዚያ የብልቃጡን ኪኒኖች ወረቀት ላይ ዘረገፈችና ከመሣሪያ ሣጥኑ ያመጣውን የእሷን ኪኒን አጠገባቸው አስቀመጠች። ቀለማቸው አንድ፣ ቅርጻቸው አንድ፣ የተቀረጸባቸው ምልክትም አንድ።

"ይኼ የጨጓራ አይደለም። እኔ ያዘዝኩልዎት ራሱ ነው። እጥፍ ሲወስዱ ነው የከረሙት።" ኪኒኖቹን ወደ ብልቃጡ መለሰችና "አብሮዎት የመጣ ሰው አለ?" አለችው።

ደሙ ፈላ። "አለ! እኔው ከራሴ ጋር መጥቻለሁ! ልቡ ያለው እኔ ደረት ውስጥ ነው እንጂ ወንድሜ ኪስ ውስጥ አይደለም። ለእኔ ይንገሩኝ!"

ሐኪሟ ወንበሯን ወደ እሱ አዞረች። "ይቅርታ። ልብዎ ደክሟል። ደም የመግፋት ጉልበቱ ቀንሷል። የልብ ድካም እንለዋለን። ጨውም መቀነስ አለብዎት።"

ቤት ሲገባ ወንድሙ ብርቱካን እየላጠ ነበር። መስታወት ቆራጩ ብልቃጡን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና "ይህን ጨጓራ የት አገኘኸው?" አለው።

ሚስቱ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። ወንድሙ ቢላውን አስቀመጠ። "ጋሼ፣ አባታችን በሽታውን የነገሩት ዕለት አይደል ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ የቀረው? አንተም እንደሱ—"

"አባታችንን በሽታው ገደለው። እኔን ግን ልትገድሉኝ የነበረው እናንተ ናችሁ!"

"ለአንተው ብለን እኮ ነው።"

"ለእኔ ብላችሁ! መስታወት ተሸክሜ ብዘረር ለእኔ ብላችሁ ልትቀብሩኝ ነበር! ባውቀው ሌላ ኪኒን አልጨምርበትም ነበር። ብትነግሩኝ ሌላ ሐኪም ፍለጋ አልሄድም ነበር።"

ወንድሙ አቀረቀረ። ሚስቱ ግን ቀና ብላ አየችው። "መርዝ መስሎህ ነበር?"

መዋሸት ፈለገ፤ ቤቱ ውስጥ ያለው ውሸት ግን በቂ ነበር። "አዎ።"

"ከእኔ እጅ?"

"አዎ።"

"ታዲያ ለምን ዋጥከው?"

ብልቃጡን ጠረጴዛው ላይ ወዲያና ወዲህ ገፋ አደረገው። "ያው... አንቺ ነሻ የሰጠሽኝ" አለ በመጨረሻ። እሷም አለቀሰች።

በሚቀጥለው ቀጠሮ ሚስቱን ይዞ ሄደ፤ ሐኪሟ ፊት ጎን ለጎን ተቀመጡ።

"ማዞሩ እንግዲህ ምክንያቱ ታውቋል" አለች ሐኪሟ። "ኪኒኑን ካስተካከልን ወዲህ ቀሎልዎታል። ውጋቱ ግን ጨርሶ አልጠፋም ብለውኛል። የግፊቱ መውረድ አባብሶት ሊሆን ይችላል። ሌላ ምክንያትም ሊኖረው ይችላል። ገና አላውቅም።"

ሚስቱ ክንዱን ጭምቅ አደረገችው። እሱ የሐኪሟን ፊት ትክ ብሎ አየ፤ መስታወት ወደ ብርሃን አንስቶ ስንጥቅ እንደሚፈልግ ሰው። ስንጥቅ አጣበት። ከታመመ ጀምሮ "አላውቅም" ያለው ሰው እሷ የመጀመሪያዋ ናት።

"እሺ" አለና ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው ሳበ። "እንዴት ነው የምናውቀው? ከየት እንጀምር?"