ያልያዘች እባብ

ካሣነሽ ዶማውን ለሁለተኛ ጊዜ ስታነሳ ነው እባቢቱን ያየቻት። ከፍጉ ክምር ሥር ወጥታ ለመሸሽ እንኳ አልቸኮለችም፤ ትንሽ ተሳበችና ቆመች። ካሣነሽም አልጮኸችም። ደህና ጊዜ ቢሆን ኖሮ የስማዳ አገር ሁሉ ይሰማት ነበር። ዶማውን አሳረፈችባትና መሞቷን ካየች በኋላ እዚያው አጠገቧ ቁጭ አለች። ደክሟት ነው እንጂ ደንግጣ አይደለም።

መጋቢት ሊያልቅ ነው። ዝናቡ ሁለት ክረምት አከታትሎ ከድቷል፣ ከብቶቹም አልቀዋል። ሁዳዴ መግባቱን ያወቀ ሆድ አልነበረም፤ ዓመቱ ሁሉ ጾም ሆኗላ! እሷ ግን የሞቱትን ከብቶች አሮጌ ፍግ ወደ ገብሱ ማሳ ልታወጣ ትቆፍራለች። ወሩ ፍግ የሚወጣበት ወር ነው፣ እጇ ደግሞ ሌላ ሥራ አያውቅም።

"በስመአብ! ምን ገደልሽ አንቺ?"

እማማ ውባለም ነበሩ፤ የሰፈሩን ልጅ ሁሉ በእጃቸው የተቀበሉ አዋላጅ። በምርኩዛቸው እባቢቱን ገለበጧት። ዶማው ሆዷን ሰንጥቆት ነበር።

"እይ፣ ባዶ ናት" አሉ።

"ከክምሩም አንድ እንቁላል አላገኘሁ። በፊት እኮ ፍግ ባወጣሁ ቁጥር እፍኝ ሙሉ ነበር የማገኘው፣ እርስ በርሱ ተጣብቆ።"

"ከየት ታምጣ? አከሳሷን አታይም? በድርቅ ዓመት እባብ እንቁላል አትይዝም። ያለቻትን ለነፍሷ ታደርጋለች። ላምም እንደዚያው ናት።" እባቢቱን በምርኩዛቸው ወደ ጎን ገፍተው ጨመሩ፤ "ሰውም ያው ነው። እኔ አዋላጅነቱን ስጀምር እንዲህ ያለ ድርቅ ገብቶ፣ ሰባት ወር ሙሉ ምጥ መጣብኝ ብሎ የጠራኝ ሰው አልነበረም።"

"ዘንድሮስ ማን ጠራዎት?"

"ማንም።"

ካሣነሽ እጇን ሆዷ ላይ አደረገች። ከጥቅምት ወዲህ የወር አበባዋ ቀርቷል። ከባሏ ከደምሌ ጋር ስምንት ዓመት ልጅ ሳይወልዱ ኖረው፣ ይህንን የነገረችው ዕለት ሰውዬው ሮጦ ሄዶ የቤተ ክርስቲያኑን ደጃፍ ስሞ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ የጓያውን ቂጣ ለሁለት ይቆርስና ከድርሻው ግማሹን ይጨምርላታል። "አንቺ የሁለት ሰው ነው የምትበይው" ይላል። እሷም ትበላለች። ካለፈው ሳምንት ጀምሮ እግሩ አብጧል፤ በአውራ ጣት ሲጫኑት ይጎደጉዳል።

"እማማ፣ እስቲ ሆዴን ይዩልኝ።"

ቤት ገቡና መደቡ ላይ አጋደሟት። አሮጊቷ እጃቸው ቀዝቃዛ ነበር፤ ረጅም ጊዜ ዳሰሷት።

"ስንት ወር ነው ያልሽኝ?"

"ስድስተኛው ነው።"

"ልጁ ይገፋሻል?"

"አንዳንዴ የሚገፋኝ ይመስለኛል።"

"ካሣነሽ፣ እኔን እይኝ። ይገፋሻል ወይ?"

"አይገፋኝም።"

እማማ ውባለም ቀሚሷን አለበሷት። "ምንም የለም፣ ልጄ። ደምሽ ነው የደረቀው። እህል ስትቀምሺ ይመለሳል፤ ተመልሶ አይቻለሁ።"

ማልቀስ ነበረባት። ሞከረችም፤ እንባው እንቢ አለ። የምታስበው ስለ ቂጣው ብቻ ነበር፤ አምስት ወር ሙሉ የበላችው ቂጣ።

"ለደምሌ ምን ልበለው?"

"እኔ እንጃ። ሰውዬው በዚህ ተስፋ ነው የቆመው። ብትነግሪው ይወድቃል ብዬ እፈራለሁ።"

"ሳልነግረው ብቀርስ?"

አሮጊቷ የደምሌን እግር አይተውታል፤ የረሃብ እብጠት ነው። ምርኩዛቸውን አንስተው ወጡ።

ደምሌ ማገዶ ለቅሞ ፀሐይ ሳትጠልቅ ተመለሰ። ከመቀመጡ በፊት ልትነግረው ፈልጋ ነበር፤ ግን ቂጣውን አቀረበችለት። እሱ ተቀመጠና ቂጣውን ቆረሰ። እንደ ልማዱ ከድርሻው ላይ ግማሹን ቆርጦ እፊቷ አደረገላት።

"ብይ እንጂ። ዛሬስ እንዴት ዋለ?"

"ማን?"

"ልጃችን ነዋ! ማን ይሆናል?"

ፊቱን አየችው። ከፊቱ የቀረው ዓይኑ ብቻ ነበር፤ ዓይኑ ደግሞ ይስቃል። በጣም ፈራች። ከነጋ የተሰማት ነገር ይህ ብቻ ነው።

ቁራሹን አንስታ መልሳ እጁ ላይ አስቀመጠችው።

"ያንተ ነው፣ ብላው" አለችው። "ሆዴ ውስጥ ማንም የለም፣ ደምሌ። እማማ ውባለም አይተውኛል። ረሃቡ ነው።"

ደምሌ ቂጣውን እንደያዘ ቀረ። ሳቁ ከዓይኑ ሲወጣ አየችው። ሊቆም ፈልጎ በእጁ መሬቱን ተደገፈ፤ እግሩ አልታዘዝ አለውና ተመልሶ ተቀመጠ።

"አልበላም" አለ።

"ትበላለህ።"

"ለማን ብዬ?"

"ለኔ ብለህ" አለች። የራሷን ቁራሽ ወደ ጎን ገፋ አድርጋ፣ እሱ እስኪውጥ ድረስ ላትነካው ቁጭ አለች።